ተነሺዋ

«ተነሺ!»

ልጅ ሳለሁ ቀኔ የሚከፈተው በዚህች ቃል ነበር። እናቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል ትወረውራታለች፤ መጀመሪያ ለስላሳዋን፣ ቀጥሎ ተራዋን፣ በመጨረሻ ብርድ ልብስ የምትገፈውን። ስለዚህ የቃሏን ትርጉም ያን ጊዜ ከኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ነበር ብዬ አላምንም። ተነሺ ማለት የተኛች ሴት ትነሳለች፣ እግሯ መሬት ይነካል፣ ጫማ ታደርጋለች ማለት ነው። ሌላ ትርጉም እንዳላት የነገረኝ የለም።

ዛሬ የምተዳደረው በፎቶ ኮፒ ነው። የሰው ወረቀት ሳባዛ ማንበብ ልማድ ሆኖብኛል፤ የተማርኩትንም የተማርኩት በዚሁ ነው። ቃሏን አልፎ አልፎ በማኅተም ታጅባ አገኛታለሁ፦ «ተነሺ ነዋሪዎች»፣ «ለተነሺዎች የተዘጋጀ ቦታ»። ባየኋት ቁጥር መጀመሪያ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ግን ቤቱ የሚፈርስበት ሰው ሳይሆን ብርድ ልብስ ነው።

ሰፈራችን አንድ መንገድ ነበረው። መንገድ የምለው ሌላ ስም ስላጣሁለት ነው። ሁለት ሰው ሲገናኝ አንዱ ግድግዳ ይታከካል፤ ጋሪ ሲመጣ ሁለቱም ይታከካሉ። ከአስፋልቱ ተነስቶ ትንሽ ይሄድና እንደ ክንድ ይታጠፋል፤ መታጠፊያውን «ክርኑ» እንለው ነበር። ክርኑ ላይ፣ ከኛ ቤት ጋር ግድግዳ ተጋርታ፣ የአክስቴ ክፍል ወደ መንገዱ ወጣ ብላ ቆማለች። አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ አንድ አልጋ፣ አልጋው ላይ አክስቴ።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ያሳደገቻትም እሷ ናት፤ እናቴ «እታለም» ነው የምትላት። ከወገቧ በታች አይታዘዝላትም። ካደግሁ በኋላ እንደተነገረኝ፣ የሚያፈስ ጣሪያዋን ልትደፍን ወጥታ ነው የወደቀችው። መኪና ክርኑ ድረስ ስለማይገባ ጎረቤት የገዛ በሯን ነቅሎ፣ በሩ ላይ አጋድሞ፣ ከግድግዳ ግድግዳ እያጋጨ አስፋልት አደረሳት። ሐኪሙ ጉዳቱ ከአወዳደቋ ይሁን ከአወጣጧ መለየት አልቻለም። በሩ ተመልሶ ተገጠመ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሲዘጋ ይጮኻል።

ይህን ሁሉ ያን ጊዜ አላውቅም። እኔ የሚታየኝ አክስቴ ቀኑን ሙሉ እንደምትተኛና ማንም መጥቶ «ተነሺ!» እንደማይላት ነበር። እንዴት ያለች ዕድለኛ ናት እል ነበር።

ተኝታም ግን ሥራ አልፈታችም። አልጋዋ መስኮቱ ስር ነው፤ መስኮቱ ክርኑን ከሁለቱም ወገን ያያል። ከአንዱ በኩል የሚመጣ ከሌላው የሚመጣውን አያይም፤ ሁለቱንም የምታይ እሷ ብቻ ናት።

«አንተ ባለ ጋሪ፣ ቁም! ጀሪካን የያዘች ሴት እየመጣች ነው። አንቺ እለፊ። እሺ አሁን ና። ቀስ! ግድግዳዬን ላንተ መታከኪያ ነው እንዴ የሠራሁት?»

ሰፈሩ «ትራፊክ» ይላታል። የደንብ ልብስ ባይኖራትም ፊሽካ አላት፤ ፀጉር አስተካካዩ ነው ለቀልድ የሰጣት፤ እሷ ግን ለቁም ነገር ያዘችው።

ነገሩ የተጀመረው የፍራሽ ሰፊው ጥጥ እሳት የያዘው ጊዜ ነው። ፍራሽ ሰፊው የሚኖረው ከክርኑ ወዲያ ነው። የእሳት አደጋ መኪናው ቶሎ መጣ፤ ይህን ማንም አልካደም። መንገዳችን አፍ ላይ ቆሞ ቀይ መብራቱን ያሽከረክር ጀመር። ሰዎቹ ቧንቧቸውን እየዘረጉ ገቡ፤ ቧንቧው ክርኑ ላይ አለቀ። አክስቴ ፊሽካዋን ብትነፋም ቧንቧው አልረዘመም። ከዚያ በኋላ እነሱም እንደኛው ቆመው እሳቱን አዩ፤ የሚለዩት በቆባቸው ብቻ ነበር። እኔ ለማየት የመጡ መስሎኝ፣ እንግዳም ስለሆኑ፣ ከፊታቸው ዞር አልኩላቸው። ፍራሽ ሰፊው ሚስቱን ሲያወጣ ክንዱ ተቃጠለ።

ትልልቆቹ ቢሮ ሄደው መንገዱ ይስፋልን አሉ። «በዕቅድ ውስጥ ናችሁ» ተብለው ተመለሱ።

«እኛማ በዕቅድ ውስጥ ነን» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ችግሩ እሳቱ ዕቅድ አለማንበቡ ነው።»

«እንግዲያው እኛው እናሰፋዋለን» አለች እናቴ።

ለኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሰው ቀሚስ የሚያሰፋው እሷ ዘንድ ነው፤ አሁን መንገድ ሊያሰፋ መጣ። ሰፈሩ ሥራውን ምሪው ሲላት ሌላ ማንን ሊል ነበር ብዬ አልተገረምኩም። አጀማመሯም እውነትም የቀሚስ ነበር። ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከቤት ቤት ለካች። በልብስ ጠመኔዋ ግድግዳና አጥር ላይ መስመር ጣለች። ሰፈሩንም ልብስ በምትቆርጥበት ወረቀት ላይ ሣለችው።

«ይኼ የኔ ቤት ነው?» ይላል አንዱ ወረቀቱ ላይ አጎንብሶ።

«አይደለም፤ እሱ ኪስ ነው።»

«የማን?»

«የደንበኛዬ። አንተ ከስር ነህ።»

ስምምነቱ «እያንዳንዱ ቤት አንድ ክንድ ይሰጣል» የሚል ነበር። ይህን ስሰማ ደስ አላለኝም። ፍራሽ ሰፊው ክንዱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ስብሰባ ሲመጣ ከሁሉ ቀድሞ የሰጠ እሱ መሰለኝና አከበርኩት፤ የራሴን እጅ ግን ቀሚሴ ውስጥ ደብቄ ሰነበትኩ። ከአስፋልቱ በኩል ያሉት ሰዎች ቆርቆሮ አጥራቸውን ነቅለው ወደ ውስጥ ሲያስገቡ ሳይ ነው ክንዱ የመሬት መሆኑ የገባኝ። እጄን አወጣሁ።

ያልሰጠ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ክርኑ ላይ፣ ከአክስቴ ፊት ለፊት፣ የድንጋይ አጥርና የብረት በር ያለው ሰውዬ። ሰፈሩ «ባለ ብረት በሩ» ይለዋል፤ ሲዘጋው ድምፁ አስፋልት ድረስ ይሰማል። «ሁሉም ከሰጠ እሰጣለሁ» ይላል፤ ከዚህ የተለየ ዓረፍተ ነገር ሲናገር አልሰማነውም።

ክርኑ ላይ ሜትር ብቻውን አልበቃም። መኪና እንዴት እንደሚታጠፍ የሚያውቅ ጠፋ፤ ገብቶ አያውቅማ። ፀጉር አስተካካዩ እሳት አደጋ ጣቢያ ሄዶ፣ የሰዎቹን ፀጉር በነጻ እየቆረጠ፣ መኪናውን ለክቶ መጣ። በዚያ ልክ ገመድ ተቆረጠ። ከፊት እናቴና ፀጉር አስተካካዩ፣ ከኋላ ፍራሽ ሰፊው በደኅናው እጁና ባለ ብረት በሩ፣ ማዕዘን ማዕዘኑን ይዘው ገመዱን ወጠሩ። ገመዱ ሳይረግብ እስከ ክርኑ ወዲያ ከሄዱ መኪናም ይሄዳል ማለት ነው። እኛ ልጆች መሐሉ ገብተን ተሳፋሪ ሆንን። ፀጉር አስተካካዩ በአፉ ጥሩምባ ነፋ። የገመድ መኪናችን ተንቀሳቀሰ።

አክስቴ በመስኮቷ ፊሽካ ይዛ ትጠብቀናለች።

«ና! ና! ና! አሁን አዙር!»

ፊቱ ዞረ። ኋላው ግን የአክስቴ ግድግዳ ጠርዝ ላይ ተያዘ።

«ቁም! ወደ ኋላ! አንተ ፀጉር አስተካካይ፣ ሰፋ አርገህ አዙረው እንጂ፤ ጆሮ አካባቢ ነህ እንዴ?»

ተመለስን። አሁን የባለ ብረት በሩን ድንጋይ እየታከክን ሄድን።

«ተጠጋው! ተጠጋው! አጥሩ አይነክስህም፤ ባለቤቱ እንደሆነ ገመድ ይዟል!»

ገመዱ እንደገና ተያዘ። ደግመን ሞከርን። ተወጥሮ ተወጥሮ ከአክስቴ ግድግዳ ጥቂት ጭቃ ገመጠ፤ ጭቃው መስኮቷ ስር ፈሰሰ። ቆምን።

«ምነው ቆማችሁ?» አለች አክስቴ። «እኔ ለቅቄላችኋለሁ፤ መንገዱ ነጻ ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ ጥሩምባውን አቋረጠ። እናቴ ገመዱን ክንዷ ላይ እየጠቀለለች፣ ወደ መስኮቱ ሳታይ፣ «ለዛሬ ይበቃናል» አለች። እኔ መኪናችን የተበላሸ መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት ተሰበሰቡ። ቦታዬ የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ስር ነበር፣ የቁርጥራጭ ጨርቅ ከረጢት ላይ። ከዚያ የሚታየው እግር ነው፤ የእናቴ እግር አንዴ በአንዱ ላይ ይወጣል፣ አንዴ ይወርዳል።

«ሌላ መንገድ የለውም?» አለች።

«አንቺው ነሽ ገመዱን የያዝሽው» አለ ባለ ብረት በሩ። «አየሽው እኮ።»

ፀጉር አስተካካዩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንግዲህ ተነሺዋ እሷ ናት ማለት ነው።»

ከረጢቱ ላይ ቀጥ አልኩ። ጭንቅላቴ ጠረጴዛውን መታው፤ ማንም አልሰማም።

«የተኛች ሴት ናት እኮ» አለ ፍራሽ ሰፊው።

«ስለተኛች አትነሳም የሚል ሕግ አለ?» አለ ባለ ብረት በሩ። «የኔ ነገር ግልጽ ነው። እሷ ከተነሳች እኔ አጥሬን ነገ አነሳለሁ። እሷ ካልተነሳች ግን ማንም እንዳይነካኝ። የእህትሽን ቤት ዘሎ የኔን የሚገምጥ መንገድ አልቀበልም። እነዚያ አጥራቸውን ያነሱትም መልሰው ይተክላሉ፤ ቢተክሉም አልፈርድባቸውም።»

የእናቴ እግር ቆመ።

«ማን ይንገራት?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«እኔ። ከኔ ሌላ ማንም አፉን እንዳይከፍት። ከሰማች ከኔ ነው የምትሰማው።»

ገባኝ። አክስቴ ልትነሳ ነው። ትልልቆቹ ተሰብስበው ወስነዋል፤ ለሷ ደግሞ ድንገተኛ ደስታ እንዲሆንላት ተደብቋል። ለካ እስከ ዛሬ የተኛችው ስብሰባ ስላልተጠራላት ነው። ከሁሉም በላይ የገረመኝ ባለ ብረት በሩ ነበር። እናቴ ሳትቀር ስታመነታ አጥብቆ ትነሳ ያለው እሱ ነው። ሲወጣ ተከትዬው ሮጥኩና የኮቱን ጫፍ ያዝኩ።

«ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

«ለምኑ?»

«አክስቴን ትነሳ ስላሏት። ሌሎቹ እኮ ፈርተው ነበር።»

አየኝ። ቤታችንን አየ። እንደገና እኔን አየ።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም። በራሴ ነው።»

በሩን ከፍቶ ገባ። ያ አስፋልት ድረስ የሚሰማው በር ያን ዕለት ድምፅ ሳያሰማ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያየኝ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ዓይን አፋር ነው ብዬ ደመደምኩ። ዛሬ ሳስበው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተናገረውም ልክ ነበር። ልክ ነገር መናገር የማያምርበት ሰው ግን አለ።

እናቴ ልትነግራት በየጠዋቱ ትሄዳለች። ትመለሳለች።

«ነገርሻት?» ይላል ፀጉር አስተካካዩ በአጥር ላይ ብቅ ብሎ።

«ቁርሷን እየበላች ነበር።»

በማግስቱም፣ «ነገርሻት?»

«ተኝታለች።»

«እሷ ደግሞ መቼ ተነስታ ታውቃለች?»

«እንቅልፍ ወስዷታል ነው የምልህ! ዞር በልልኝ!»

ቤት ውስጥ መቀመጥ አልሆነላትም። ክር መርፌ ውስጥ ታስገባና ትነሳለች፤ በር ድረስ ሄዳ ትመለሳለች፤ ክሩን ታወጣለች። የአንዷን ደንበኛ እጅጌ አንገት ላይ ሰፋችው። ወረቀቱን ትዘረጋለች፣ የክርኑን መስመር በምራቋ ታጠፋለች፣ እንደገና ትሥላለች፤ መስመሩ ተመልሶ እዚያው የአክስቴ ክፍል ላይ ያርፋል። ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ ሳስቶ በመጨረሻ ተበሳ። አክስቴ ሳትቀር ታዘበቻት።

«ምነው ቁጭ ብድግ አበዛሽ? እኔን አታይም፣ እንዴት ረግቼ እንደምቀመጥ?»

እናቴ ልትስቅ ሞከረች፤ ሳቁ ግማሽ ላይ ሌላ ነገር ሊሆንባት ሲል ባልዲ አንስታ ወጣች። ባልዲው ሙሉ ነበር።

የከበዳት ነገር ለኔ ግልጽ ነው። ለኔ በየጠዋቱ እንደ ልቧ ትለዋለች። ያሳደገችን ታላቅ ግን እንዴት አድርጎ «ተነሺ» ይባላል? ላግዛት ወሰንኩ። መናገሩ የሷ ነው፤ ጫማው ግን እስካሁን አልታሰበበትም።

የእናቴ ሳጥን ውስጥ አንድ ጥቁር ጫማ ነበረ። የአክስቴ መሆኑን የማውቀው አንድ ጊዜ ሳጠልቀው እናቴ ስለጮኸችብኝ ነው። በገበር ጨርቅ ወለወልኩት። ፊቴ እስኪታይበት ነው ማለት ብፈልግም አልታየም። ቀሚሴ ስር አድርጌ ሄድኩ።

«ምን ደብቀሻል?» አለች አክስቴ።

ምስጢሩን ለመጠበቅ አስቤ ነበር። ጫማው ግን አልጋው ላይ ወጣ።

«ልትነሺ ነው!» አልኳት።

ጫማውን አየችው። አንዱን አንስታ ሶሉን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች።

«ማን አለ?»

«ሁሉም። ስብሰባ ላይ። ተነሺዋ እሷ ናት ብለዋል።»

«ተነሺዋ።» ቃሏን ቀስ ብላ ደገመቻት። «ባለ ብረት በሩስ?»

«እሱማ ከሁሉም በላይ ነው የሚፈልገው። ሄጄ አመሰገንኩት።»

«አመሰገንሽው!» አክስቴ ሳቀች፤ ከት ብላ፣ ፊሽካዋ ደረቷ ላይ እስኪዘል። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «እናትሽስ? ምን አለች?»

«እኔ እነግራታለሁ አለች። ግን ከበዳት።»

አክስቴ ግድግዳውን አየች፤ ከዚያ ጣሪያውን፣ ልትደፍን ወጥታ የወደቀችበትን ቦታ። ከዚያ መስኮቱን። ውጭ አንድ ጋሪ ከአንዱ ወገን፣ አንዲት እንቁላል የያዘች ሴት ከሌላው ወገን እየመጡ ነበር። ፊሽካዋን አላነሳችም። ክርኑ ላይ ተላተሙ፤ ጩኸቱ ተነሳ። ዞራም አላየች።

«ስሚ» አለችኝ። «ጫማውን አልጋዬ ስር አድርጊው። ለናትሽ ምንም አትበያት። ስብሰባ ሲጠራ ግን ሂጂና ‹ትራፊክ ትፈልጋችኋለች› በያቸው።»

ስብሰባው በዕረፍት ቀን ግቢያችን ውስጥ ተጠራ። አጥራቸውን ያነሱት ሁሉ መጡ። እናቴ የተበሳውን ወረቀት ጠቅልላ ይዛ ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ ተነሳች።

«አስቤበታለሁ» አለች። «መንገዱ ክርኑ ድረስ ይስፋና እዚያ ይቁም።»

ከዚያ ፍራሽ ሰፊው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀው ሰው፣ በተጠቀለለ ክንዱ ላይ ያለውን ጨርቅ እያስተካከለ ተናገረ።

«ከክርኑ ወዲያ ያለነውስ? ለብቻችን እንቃጠላ?»

«የኛስ አጥር በምን ይመለሳል?» አለ ሌላው።

«እኔ አላልኳችሁም?» አለ ባለ ብረት በሩ።

ሁሉም አንድ ላይ መናገር ሲጀምሩ ሄጄ መሐል ቆምኩ።

«ትራፊክ ትፈልጋችኋለች» አልኩ።

ከእናቴ በቀር ሁሉም ወደ ክርኑ ተንቀሳቀሱ። እሷ መጨረሻ ላይ መጣች። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ሰው ተደራርቦ ቆመ፤ ገሚሱ የባለ ብረት በሩ አጥር ላይ ወጣ፤ እሱም አልተቆጣም። አክስቴ በመስኮቷ ላይ ክርኗን አስደግፋ ጠበቀቻቸው።

«ሰምቻለሁ» አለች።

«እታለም፣ ማን ነገረሽ?»

«መስኮት ላላት ሴት ማን ይነግራታል? ገመዱ ግድግዳዬን ሲግጥ እኔ የት ነበርኩ?»

ዋሸች። የነገርኳት እኔ ነኝ። ልናገር አፌን ስከፍት ፊሽካዋን ወደኔ ቀና አደረገች፤ ዘጋሁት። እናቴ እስከ መጨረሻው ከኔ መስማቷን አላወቀችም። ዛሬ ደግሞ አክስቴ ጨርሶ አልዋሸችም እላለሁ፤ ገመዱ የነገራትን እኔ ደገምኩላት እንጂ።

«ተነሺ ነሽ ተብያለሁ። ጥሩ። ተነሺ ደግሞ የምትለው አላት» ብላ ቀጠለች። «ይችን መስኮት ይዤ ነው የምሄደው። የኔ ክፍል ሲፈርስ የእህቴ ግድግዳ መንገድ ላይ ይወጣል፤ እዚያ ትገጠምልኝ። ጓዳ ከታችሁኝ ኮርኒስ ሳይ እንድኖር አልፈልግም።»

«እኔ ራሴ እገጥማታለሁ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«አንተ አትንካት። አናጢ ይጠራ።» ሰው ሳቀ። «አንተ ባለ ብረት በሩ፣ እኔ ቤቴን ስሰጥ አንተ አንድ ክንድ አልክ። የአጥርህን ማዕዘን ቁረጠው፤ መኪና ሲታጠፍ እግረኛ የሚቆምበት ይሁን።»

ባለ ብረት በሩ ለምን እንደሆነ አላውቅም ወደኔ አየ።

«ይቆረጣል» አለ።

«ሌላው፤ ስታወጡኝ በአልጋዬ ነው። በር ላይ አልተኛም።»

በዚህኛው የሳቀ የለም። ትልልቆቹ መሬት መሬት አዩ። በር ላይ የሚተኛ ማን አለ ብዬ ተገረምኩ።

«እኔ አልፈልግም» አለች እናቴ ድንገት። «እታለም፣ አልፈልግም። መንገዱም ይቅር።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ? የጠየቀው መኪናው ነው።»

መስኮቷ ዛሬም አለች። ደንበኛ ወረቀቱን የሚያቀብለኝ በሷ በኩል ነው። የእሳት አደጋ መኪናም ገብቶ ያውቃል። አንድ ጊዜ ደግሞ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አምቡላንስ መስኮቷ ስር መጥቶ ቆሞ አክስቴን ወሰዳት። ግድግዳ ሳይነካት ነው የወጣችው።

የዚያን ጊዜ ግን እኔ የምጠብቀው የምትነሳበትን ቀን ነበር። ቀኑ ሲደርስ ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ተነሳሁ። የሚያምረውን ቀሚሴን ለበስኩ። ክፍሏ ተራግፋለች፤ አልጋው ብቻ ቀርቷል። በሩ ላይ ወንዶቹ መቆፈሪያና ዶማ ይዘው ቆመዋል። አክስቴ ፀጉሯን ተበጥራ ተቀምጣለች።

«ጫማዬ የታለ?» አለችኝ።

ከአልጋው ስር አወጣሁት። በእጆቿ አንድ እግሯን፣ ቀጥሎ ሌላውን አንስታ አጠለቀችው። ማሰሪያውን እኔ አሰርኩላት። ከዚያ ወደ ኋላ ራቅ ብዬ ቦታ ለቀቅኩላት፤ ለመቆም ቦታ ያስፈልጋታል ብዬ።

ፀጉር አስተካካዩ፣ ፍራሽ ሰፊው፣ ባለ ብረት በሩና አንድ ጎረቤት አልጋውን በአራት ማዕዘን ያዙት፤ ልክ እንደ ገመድ መኪናው። አነሱት።

«ይኸው» አለችኝ ከላይ ሆና፣ ጫማዋን እያሳየችኝ። «ተነሳሁ።»

መነሳት ይኼ አይደለም። ልነግራት ስል ወንዶቹ ይዘዋት ወደ በሩ ዞሩ። በሩ ወልቋል፤ አልጋው ምንም ሳይነካ ወጣ። መንገዱ ላይ፣ ፀሐይ ውስጥ አስቀመጧት። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ያያታል፤ እሷ ግን አንገቷን አዙራ ወደ ክፍሏ ታያለች።

እናቴ አልወጣችም።

ዞሬ ገባሁ። አልጋው የነበረበት ቦታ ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ተቀምጣለች። እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው። ያን ሁሉ ቀን መቀመጥ ያቃታት ሴት አሁን ተቀመጠች፤ አትንቀሳቀስም። ወንዶቹ ዶማቸውን ይዘው በር ላይ ይተያያሉ።

«ትውጣ በሏት» አለ አንዱ በሹክሹክታ።

«አንተ በላት» አለ ሌላው።

ባለ ብረት በሩ ጎንበስ ብሎ ዶማውን መሬት አስቀመጠ። «ትቀመጥ» አለ። «እንጠብቃለን።»

ጠበቅን። ከክርኑ ወዲያ ጋሪዎች መጥተው ቆሙ፤ ከወዲህም ቆሙ። የሚያሳልፋቸው አልነበረም። አክስቴ አልጋዋ ላይ ሆና ፊሽካዋን አፏ ጋ አደረሰች። ከዚያ መለሰችው። ከግድግዳው ማዶ፣ ፊሽካ ሳትነፋ፣ ያን ድምፅ አወጣችው፤ ብርድ ልብስ የሚገፈውን። እናቴ ከማን እንደተማረችው ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት።

«ተነሺ!»

እኔ ቆሜ ሳለሁ ዘለልኩ።

እናቴም ተነሳች። መጀመሪያ በጉልበቷ፣ ከዚያ ግድግዳውን ይዛ፣ ከዚያ ሳትይዝ። የቀሚሷን አቧራ አራገፈች። ወጥታ በእህቷ አልጋ አጠገብ ቆመችና ለወንዶቹ አንገቷን ነቅንቃ ምልክት ሰጠች።

የመጀመሪያው ዶማ ሲያርፍ ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። ተነሺዋ እናቴ ነበረች። ትልልቆቹ ያን ሁሉ ስብሰባ የተሰበሰቡት ሰው ተሳስተው ነው።